ብላክ ሆል እንደ ስሌት መሣሪያ፦ «ዩኒቨርስ ሆሎግራም ነው» ከሚለው ርዕስ ጀርባ ያለው ሥራ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

«የምንኖርበት ዩኒቨርስ ሆሎግራም መሆኑ ተረጋገጠ»፣ «ሳይንቲስቶች በቤተ ሙከራ ዎርምሆል ፈጠሩ» የሚሉ ርዕሶች በየጊዜው ከውጭ የዜና አውታሮች እየተተረጎሙ በአማርኛ ይወጣሉ። የመጀመሪያው አልተረጋገጠም፤ ሁለተኛውም፣ ሁለት ሩቅ ስፍራዎችን ያገናኛል የሚባለው የጠፈር ዋሻ፣ አልተፈጠረም። ከርዕሶቹ ጀርባ ያለው ሥራ ግን እውነተኛና ብዙ ጥቅም የሰጠ ነው፤ አንባቢም ሊያውቀው ይገባል። ሆሎግራፊያዊ መንታነት የሚባለው ነገር (ስበት ያለበት አንድ ዓለም በዳሩ ላይ ከሚኖር፣ ስበት ከሌለበት የኳንተም ቁስ ጋር አንድ ነው የሚለው እኩልነት) ዛሬ በዋናነት የሚያገለግለው ለስሌት ነው፦ በሌላ መንገድ የማይደፈር የኳንተም ቁስ ጥያቄ ወደ ብላክ ሆል ጥያቄ ተለውጦ ይሰላል። መሣሪያው ምን እንደሚያሰላ፣ የት እንደሚሠራና የት እንደሚሰበር ሳይነገር የሚቀርብ ዘገባ አንባቢውን ባዶ እጁን ይሰድደዋል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊዚክስ ብዙ ቅንጣቶች ያሉበትን ቁስ ሲያሰላ የለመደው መንገድ፣ መጀመሪያ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እንደማይነካኩ አድርጎ መነሣት፣ ከዚያ መነካካቱን እንደ ትንሽ እርማት ደረጃ በደረጃ መጨመር ነው። ለተራ የመዳብ ሽቦ ይህ በቂ ነው። ትስስሩ ሲበረታ ግን እርማቱ ከመነሻው ይበልጣል፣ ስሌቱም ይፈርሳል። የጥምቀት ዕለት ጃንሜዳ በር ላይ ማንም በራሱ እግር ሄደ እንደማይባል ሁሉ፣ እንዲህ ባለ ቁስ ውስጥ «ይህ ኤሌክትሮን ከዚህ ተነሥቶ እዚያ ደረሰ» ማለት ትርጉም የለውም። በኮምፒውተር የሚሠራው፣ ስፍራንና ጊዜን በነጥቦች መረብ የሚከፋፍለው የላቲስ ስሌት ግፊትንና ኢንትሮፒን (የውስጥ ዝብርቅርቅነት መለኪያን) በሚገባ ይሰጣል። ነገር ግን ስሌቱ የሚካሄደው በምናባዊ ጊዜ (ጊዜ በምናባዊ ቁጥር ተተክቶ) ስለሆነ፣ እንደ ቪስኮሲቲ (የፈሳሽ ውፍረት) ያለ በእውነተኛ ጊዜ የሚታይ ነገር ሲጠየቅ ውጤቱን ወደ እውነተኛው ጊዜ መመለስ ያስፈልጋል፤ በዚያ ምላሽ ላይ ጥቂቷ የቁጥር ስሕተት ገዝፋ መልሱን ትውጠዋለች።

መውጫው የተገኘው ካልተጠበቀ አቅጣጫ ነው። ጄኮብ ቤከንስታይንና ስቲቨን ሆውኪንግ በ1970ዎቹ የብላክ ሆል ኢንትሮፒ ከይዘቱ ጋር ሳይሆን ከአፋፉ (ያለፈው ነገር ከማይመለስበት ድንበር) ስፋት ጋር እንደሚያድግ አሳዩ። ይህ ለየት ያለ ነገር ነው፤ የተራ ጋዝ ኢንትሮፒ ከይዘቱ ጋር ያድጋልና። ጄራርድ ት ሁፍት በ1993፣ ቀጥሎም ሊዮናርድ ሰስኪንድ፣ ስበት ያለበት ስፍራ ሙሉ መረጃ በዳሩ ላይ ሊጻፍ ይችላል የሚለውን ሐሳብ አቀረቡ። በ1997 መጨረሻ አርጀንቲናዊው ሁዋን ማልዳሴና ሐሳቡን ወደ ቁርጥ ያለ እኩልነት ለወጠው፦ ስበት የሌለበት፣ በአራት ዳይሜንሽን የሚኖር አንድ የኳንተም ንድፈ ሐሳብ፣ ከአንድ በአምስት ዳይሜንሽን ወደ ውስጥ በጎበጠ ስፍራ (ከአምስት ዳይሜንሽን ሉል ጋር ተያይዞ) ከሚኖር የስትሪንግ ንድፈ ሐሳብ (ቅንጣቶችን እንደ ጥቃቅን ክሮች ከሚያይ) ጋር አንድ ነው። በቀጣዩ ዓመት ገብሰር፣ ክሌባኖቭና ፖልያኮቭ በአንድ በኩል፣ ኤድዋርድ ዊተን በሌላ በኩል፣ የአንዱን ወገን ብዛት ወደ ሌላው ወገን የሚቀይረውን ደንብ ጻፉ። የሒሳብ ማረጋገጫ እስካሁን የለውም፤ በሁለቱም በኩል ማስላት በተቻለባቸው በርካታ ቦታዎች ግን ሁለቱ ወገኖች ተስማምተዋል።

«የጎበጠ ስፍራ» የተባለው አንቲ-ደ ሲተር ይባላል፤ የኮስሞሎጂ ቋሚው (የባዶ ስፍራ ኢነርጂ መለኪያ) ኔጌቲቭ የሆነበት ዓለም ነው። የእኛ ዩኒቨርስ መስፋፋት እየፈጠነ መሆኑ በ1998 ታውቋል፤ ይህም የሚስማማው ከፖዘቲቭ ቋሚ ጋር ነው። ስለዚህ የማልዳሴና እኩልነት ስለምንኖርበት ሰማይ በቀጥታ የሚለው ነገር የለም። «ዩኒቨርስ ሆሎግራም ነው» የሚለው ርዕስ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር ሁሉ ትርፍ ነው።

አሁን ወደ ጥቅሙ። መንታነቱ የሚመቸው ሁለቱ ወገኖች ተቃራኒ ጠባይ ስላላቸው ነው። በኳንተሙ ወገን ትስስሩ ሲበረታ፣ በስበቱ ወገን ስፍራው ከስትሪንጎቹ ርዝመት አንጻር እየለሰለሰ ይሄዳል፣ የስትሪንግ ውስብስብነት ይረሳል፣ የአይንስታይን እኩልታ ብቻ ይቀራል። በተጨማሪም የ«ቀለማት» (የዓይን ቀለም ሳይሆን የቅንጣቶቹ የቻርጅ ዓይነቶች) ቁጥር ብዙ መሆን አለበት፤ ያኔ የስበቱ የኳንተም መዋዠቅ ይጠፋል። ሁለቱ ሁኔታዎች ሲሟሉ የአንዱ ወገን ከባድ ጥያቄ የሌላው ወገን የልዩነት እኩልታ ይሆናል፦ የቁሱ ሙቀት የብላክ ሆሉ የሆውኪንግ ሙቀት ነው፤ የቁሱ ኢንትሮፒ የአፋፉ ስፋት ነው፤ በቁሱ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ቻርጅ ከብላክ ሆሉ የሚወጣው የኤሌክትሪክ መስክ ነው፤ ቁሱን ነካ አድርጎ ምላሹን ማየት ማለት ከዳር ሞገድ ልኮ ምን ያህሉ በብላክ ሆሉ እንደሚዋጥ ማየት ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ውጤት በዚህ መንገድ የመጣው በ2001 ነው፤ ፖሊካስትሮ፣ ሶንና ስታሪኔትስ የዚህን ቁስ ቪስኮሲቲ አሰሉ። አሠራሩ አጭር ስለሆነ እንዳለ እናሳየው። ቪስኮሲቲ ማለት በፈሳሽ ውስጥ አንዱ ንብር በሌላው ላይ ሲንሸራተት የሚፈጠረው ግጭት ነው። በስበቱ ወገን ይህ የሚለካው በጣም ዝግ ያለ የስበት ሞገድ ሲላክ ብላክ ሆሉ ምን ያህሉን እንደሚውጥ በማስላት ነው። የሞገዱ ድግግሞሽ ወደ ዜሮ ሲጠጋ የሚዋጠው መጠን ልክ ከአፋፉ ስፋት ጋር እኩል ይሆናል። ስለዚህ ቪስኮሲቲው የአፋፉ ስፋት ለ16 ፓይ ጊዜ የኒውተን ቋሚ ሲካፈል ነው። ኢንትሮፒው ደግሞ ያው ስፋት ለ4 ጊዜ የኒውተን ቋሚ ሲካፈል ነው። አንዱን ለሌላው ስናካፍል ስፋቱ ይሰረዛል፣ የኒውተን ቋሚም ይሰረዛል፣ የቀለማቱ ቁጥርም ይሰረዛል። የሚቀረው 1 ለ4 ፓይ ብቻ ነው፦ 0.08 ገደማ፣ በፕላንክና በቦልትዝማን ቋሚዎች መለኪያ። በተራ መለኪያ 0.608 ፒኮሰከንድ-ኬልቪን ይመጣል።

ይህ ቁጥር ትንሽ ነው ወይስ ትልቅ? ውኃን እንውሰድ። በ25 ዲግሪ ሴልሲየስ ቪስኮሲቲው 0.00089 ፓስካል-ሰከንድ ነው። ኢንትሮፒው በሞል 70 ጁል በኬልቪን ገደማ፣ የአንድ ሞል ይዘት 18 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሆነ፣ በአንድ ሜትር ኩብ ወደ 3.9 ሚሊዮን ጁል በኬልቪን ይሆናል። ሲካፈል 230 ፒኮሰከንድ-ኬልቪን ይወጣል፤ ከብላክ ሆሉ ቁጥር 380 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በነፃ የሚፈስ የምንለው ውኃ በዚህ ሚዛን ወፍራም ነው።

ቁጥሩ በወረቀት እንዳይቀር ያደረገው በኒው ዮርክ ግዛት፣ ሎንግ አይላንድ ላይ ያለው የብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ ነው። እዚያ በ2000 ሥራ የጀመረው ማፍጠኛ የወርቅ አቶሞችን እምብርት እርስ በርስ ያጋጭ ነበር። በግጭቱ ፕሮቶንና ኒውትሮን ቀልጠው የኳርክና የግሉዎን (እነሱ የተሠሩባቸው ቅንጣቶች) ፕላዝማ ይሆናሉ፤ ይህ ለውጥ የሚከሰተው በ1.8 ትሪሊየን ኬልቪን አካባቢ እንደሆነ የላቲስ ስሌት ይሰጣል። እንደ ጋዝ ይበተናል ተብሎ ሲጠበቅ እንደ ፈሳሽ ፈሰሰ። ማስረጃው እንዲህ ነው፦ ሁለቱ እምብርቶች ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ለጎን ሲገጩ የሚደራረቡበት ክፍል የለውዝ ቅርጽ ይይዛል። ጋዝ ቢሆን ቅንጣቶቹ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይበተኑ ነበር። ፈሳሽ ሲሆን ግን ግፊቱ በቀጭኑ በኩል በፍጥነት ስለሚወድቅ በዚያ አቅጣጫ ብዙ ቅንጣት ይወጣል። ቪስኮሲቲ ይህን ልዩነት ያደበዝዛል፤ ስለዚህ ከልዩነቱ መጠን ቪስኮሲቲውን ወደ ኋላ ማስላት ይቻላል። ቤተ ሙከራው በ2005 ግኝቱን «ፍጹም ሊባል የተቃረበ ፈሳሽ» ብሎ አወጀ። ከ2010 ጀምሮ በአውሮፓው የሰርን ቤተ ሙከራ የእርሳስ እምብርቶች ግጭት ተመሳሳይ ጠባይ አሳየ። ከሙከራዎቹ የሚገመተው የቪስኮሲቲና የኢንትሮፒ ሬሾ ከ0.08 አንሥቶ የዚያ ሁለት ተኩል እጥፍ እስኪሆን ባለው ክልል ውስጥ ነው። የደካማ ትስስር ስሌት የሚሰጠው ቁጥር ከዚህ በጣም የላቀ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ዘገባዎች የሚዘሉትም ይህንኑ ነው። የብላክ ሆሉ ስሌት የተሠራው ለእውነተኛው ኳርክና ግሉዎን አይደለም፤ ኤን እኩል 4 ሱፐር ያንግ-ሚልስ ለሚባል የአጎት ልጁ ነው። የእኛ ዓለም ቀለማት 3 ናቸው፤ ስሌቱ የሚፈልገው እጅግ ብዙ ነው። ትስስሩም ወሰን የለሽ አይደለም። የጠንካራው ኃይል ቋሚ 0.3 ነው ብንል፣ ለስሌቱ የሚገባው የትስስር ቁጥር 4 ፓይ ጊዜ 0.3 ጊዜ 3፣ ማለትም 11 ገደማ ይሆናል። የመጀመሪያው እርማት 18 ሲካፈል ለዚህ ቁጥር አንድ ተኩል ኃይል ነው፤ 18 ለ38፣ ወደ 0.47 ይመጣል። ውጤቱ በግማሽ ያህል ይነሣል ማለት ነው፦ ከ0.08 ወደ 0.12። የመጀመሪያው እርማት ይህን ያህል ከገዘፈ ቀጣዩም ቀላል አይሆንም። ስለዚህ «ብላክ ሆል የፕላዝማውን ቪስኮሲቲ ተነበየ» ማለት ከልክ ያለፈ ነው። «በብርቱ የተሳሰረ ቁስ ቪስኮሲቲው በዚህ አካባቢ ሊሆን እንደሚችል፣ ለምንስ እንደሆነ አሳየ» ቢባል ግን ልክ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ኮቭቱን፣ ሶንና ስታሪኔትስ ከ1 ለ4 ፓይ በታች የሚሄድ ፈሳሽ በተፈጥሮ የለም ብለው ገምተው ነበር። ግምቱ ተራ እውቀት ሆኖ ብዙ ቦታ ይጠቀሳል፤ ነገር ግን ከ2007 ጀምሮ ተሰብሯል። በአይንስታይን እኩልታ ላይ የጋውስ-ቦኔ ቃል የሚባለው ሲጨመር ሬሾው ዝቅ ይላል፤ ዳሩ ላይ ምልክት ከብርሃን እንዳይፈጥን ተብሎ ቃሉ ሲገደብ የ1 ለ4 ፓይ 16 ለ25ኛው እስኪሆን ድረስ ይወርዳል። ገደብ ነው የሚል ጽሑፍ ያየ አንባቢ ጽሑፉ አሮጌ መሆኑን ይወቅ።

ሁለተኛው መስክ ሱፐርኮንዳክተር (ኤሌክትሪክን ያለ ሬዚስታንስ የሚያስተላልፍ ቁስ) ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም ብለን ብንቆይ ይሻላል፣ ምክንያቱም ማፍጠኛ ለሌለው አገር ተማሪ በሩ ክፍት የሆነው በዚህ በኩል ነው። ላፕቶፕ፣ በነፃ የሚገኘው የፓይተን ፕሮግራም ቋንቋና የሁለተኛ ዓመት የልዩነት እኩልታ ትምህርት ይበቃል። ገብሰር በ2008 ቻርጅ ያለው ብላክ ሆል ሲቀዘቅዝ በአፋፉ ዙሪያ መስክ ሊያበቅል እንደሚችል አሳየ። በዚያው ዓመት ሃርትኖል፣ ሄርዞግና ሆሮዊትዝ ይህ «የበቀለ» መስክ በዳሩ ወገን ሱፐርኮንዳክተር መሆኑን በስሌት አስቀመጡ።

ስሌቱ ይህ ነው። ከዳር ወደ ውስጥ ያለውን ርቀት ዘ እንበለው፤ ዳሩ ዘ ዜሮ ላይ፣ የብላክ ሆሉ አፋፍ ዘ 1 ላይ ይሁን። መ = 1 − ዘ³ ይሁን። በዚህ መለኪያ ሙቀቱ 3 ለ4 ፓይ፣ ማለትም 0.2387 ነው። ሁለት ያልታወቁ አሉ፦ የበቀለው መስክ ለዘ ተካፍሎ ሀ ይባል፤ የኤሌክትሪክ ፖቴንሺያሉ ለ ይባል። የመስኩ ክብደት ካሬ −2 ሲሆን (የመረጋጋት ገደቡ −9 ለ4 ስለሆነ ይህ ደህና ነው) እኩልታዎቹ እንዲህ ይሆናሉ፦

ሀ″ + (መ′ ÷ መ) ሀ′ + (ለ² ÷ መ² − ዘ ÷ መ) ሀ = 0

ለ″ = 2 ሀ² ለ ÷ መ

አፋፉ ላይ ለ ዜሮ መሆን አለበት፤ ሀ′ ደግሞ የሀ አንድ ሦስተኛ በኔጌቲቭ ምልክት። ዳሩ ላይ ሀ ዜሮ እንዲሆን እንጠይቃለን፤ ይህ ማለት ከውጭ ማንም ሳይገፋው ቁሱ በራሱ ሱፐርኮንዳክተር ሆነ ማለት ነው። የሀ′ ዋጋ ዳሩ ላይ የኮንደንሴቱ (የሱፐርኮንዳክተርነቱ መለኪያ) መጠን ነው። ለ ዳሩ ላይ የኬሚካል ፖቴንሺያሉን፣ ለ′ በኔጌቲቭ ምልክት የቻርጁን ጥግግት ይሰጣል።

ተማሪ የሚሳሳትባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። ልክ ዘ 1 ላይ የሚጀምር ሰው ዜሮ ለዜሮ ያካፍላል፣ ኮምፒውተሩም ይቆማል፤ ከ0.999 አካባቢ መጀመር፣ የመነሻውን ዋጋ ከላይ ባለው የአፋፍ ሁኔታ እስከ ሁለተኛው ቃል አስፍቶ መስጠት ያስፈልጋል። መስኩን ለዘ ሳያካፍሉ የሚሠሩ ደግሞ ዳሩ ላይ ኮንደንሴቱን ለማንበብ በዘ ካሬ ማካፈል ይገደዳሉ፤ ዘ 0.001 ከሆነ ስሕተቱ ሚሊዮን ጊዜ ይገዝፋል፣ የፓይተን እኩልታ ፈቺ ሳይነኩት የሚሠራበት አንድ ሺኛ ትክክለኛነት ደግሞ ከመጀመሪያውም አይበቃም። እኩልታውን በሀ የጻፍነው ለዚህ ነው፤ በዚህ መልኩ ዳሩ ላይ ምንም የሚፈነዳ ነገር የለም። ትክክለኛነቱን ግን ከ10 ቢሊዮን አንድ ድረስ ማጥበቅ አሁንም ይሻላል።

ሦስተኛው ወጥመድ የበለጠ ስውር ነው። ሀ ሁሉ ቦታ ዜሮ መሆኑ ምንጊዜም ትክክለኛ መልስ ስለሆነ፣ ሁለቱንም መነሻዎች (አፋፉ ላይ የሀንና የለ′ን ዋጋ) በአንድ ጊዜ የሚፈልግ ፕሮግራም ወደዚያ ባዶ መልስ ይንሸራተታል። መፍትሔው የሀን ዋጋ አፋፉ ላይ መርጦ ማሰር (ከ0.01 ጀምሮ 0.1፣ 0.5፣ 1 እያሉ መሄድ) እና የለ′ን መነሻ ብቻ መፈለግ ነው። ፍለጋው ከአንድ በላይ መልስ ይሰጣል፤ ሀ በመንገዱ ዜሮን የሚያቋርጥባቸው መልሶች ያልተረጋጉ ናቸው፣ ይጣላሉ። ሥዕሉን ሳያዩ ቁጥሩን መቀበል አይገባም።

ሥራው ልክ መሆኑ የሚታወቀው እንዲህ ነው፦ ሀ በጣም ትንሽ ሲሆን የለ′ መነሻ −4.06 አካባቢ መውጣት አለበት። የቻርጁ ጥግግትም 4.06 ይሆናል፤ 0.2387ን ለ4.06 ካሬ ሥር ስናካፍል 0.118 ይመጣል፣ ይህም የሽግግሩ ሙቀት (ቁሱ ሱፐርኮንዳክተር መሆን የሚጀምርበት) በጥግግቱ ካሬ ሥር ሲለካ ነው። ዳሩ ላይ ሀ ሳይሆን ሀ′ ዜሮ ይሁን ብሎ የጠየቀ ሰው በ4.06 ፋንታ 1.12፣ በ0.118 ፋንታ 0.226 ያገኛል። ብዙዎች እዚህ ደርሰው የሚሰናከሉት በግራፉ ነው፦ በፕሮግራሙ ውስጥ ሙቀቱ ምንጊዜም 0.2387 ነው፣ አይቀየርም። የሚቀየረው ጥግግቱ ነው። ሙቀቱን ለጥግግቱ ካሬ ሥር፣ ኮንደንሴቱን ለጥግግቱ ሳያካፍሉ የሚሳል ግራፍ ምንም አይናገርም።

ከዚህ የሚገኘው ቁስ ጠባይ ምን ይመስላል? ብርሃን ሲላክበት፣ የብርሃኑ ኢነርጂ የሽግግሩ ሙቀት 8 እጥፍ እስኪደርስ ድረስ አይመጥም። በተራ ሱፐርኮንዳክተሮች ንድፈ ሐሳብ ይህ ቁጥር 3.5 ነው። በ1986 ቤድኖርዝና ሙለር በከፈቱት የመዳብ ኦክሳይድ ቤተሰብ በአንዳንዱ ውስጥ የተለካው ከ8 ብዙ አይርቅም። ቁጥሮቹ ሲቀራረቡ ደስ ይላል፤ ግን የመስኩ ክብደት ሌላ ቢመረጥ ውጤቱ ሊለወጥ ስለሚችል ማንም በዚህ ላይ ደረቱን ሊነፋ አይገባም። በተጨማሪም ሞዴሉ በሁለት ዳይሜንሽን ቁስ ውስጥ ከዜሮ በላይ በሆነ ሙቀትም ሙሉ ሥርዓት ይመሠረታል ይላል፤ እውነተኛው ሁለት ዳይሜንሽን ቁስ ውስጥ የሙቀት መዋዠቅ ይህን ይከለክላል። ሞዴሉ ያመለጠው የቀለማቱ ቁጥር እጅግ ብዙ ነው ተብሎ መዋዠቁ ስለተጣለ ነው።

ስለ «እንግዳ ብረቶች» ባጭሩ። ከላይ በተጠቀሱት የመዳብ ኦክሳይዶች ውስጥ የኤሌክትሪክ ሬዚስታንስ ከሙቀት ጋር በቀጥታ መስመር ያድጋል፤ ኤሌክትሮኖቹ የሚረጋጉበት ጊዜም የፕላንክ ቋሚ ለሙቀቱ ሲካፈል ከሚሰጠው ጋር ተቀራራቢ ነው፣ በክፍል ሙቀት 25 ፌምቶሰከንድ ያህል። ብላክ ሆል ሲነካ የሚረጋጋው በዚሁ ዓይነት ጊዜ ስለሆነ ተስፋ ተጣለበት። ችግሩ ግን ተራው ብላክ ሆል ለሁሉም አቅጣጫ ወጥ በመሆኑ ሞሜንተም የሚጠፋበት ቦታ የለውም፤ ቻርጅ ያለው ፈሳሽ አንዴ ከተገፋ አይቆምም፣ ሬዚስታንሱም ዜሮ ይሆናል። ስለዚህ የክሪስታሉን ውጣ ውረድ ተክቶ ወጥነቱን የሚሰብር ነገር በእጅ መጨመር ያስፈልጋል። በ2012 ሆሮዊትዝ፣ ሳንቶስና ቶንግ እንዲህ ሠርተው ከመዳብ ኦክሳይድ ልኬት ጋር የሚገጥም የድግግሞሽ ሕግ አየን አሉ፤ ዜናውም ተሰማ። በኋላ በሌሎች የክሪስታል ላቲሶች ላይ የተሠሩ ስሌቶች ያንን ሕግ አላገኙትም። ይህ ሁለተኛው ክፍል በየትኛውም ጋዜጣ ሲወጣ አላየንም።

ወደ ዎርምሆሉ እንመለስ። በ1993 ሳችዴቭና ዬ ያቀረቡትን፣ በ2015 ኪታዬቭ ያደሰውን ሞዴል ነው የሚመለከተው፤ ኤስዋይኬ ይባላል። ሁሉም ቅንጣት ከሁሉም ጋር በዘፈቀደ ጥንካሬ አራት አራት ሆኖ የሚተሳሰርበት ሞዴል ሲሆን፣ በዝቅተኛ ሙቀት በሁለት ዳይሜንሽን ከሚኖር ብላክ ሆል ጋር ይመሳሰላል። የሚያስደስተው የስበቱን ወገን ሳይነኩ በቀጥታ በኮምፒውተር መፈተን መቻሉ ነው። 24 ማዮራና ቅንጣቶች (የራሳቸው ፀረ-ቅንጣት የሆኑ) ቢወሰዱ 10,626 የአራትዮሽ ትስስሮች አሉ፤ ማትሪክሱ 4,096 በ4,096 ሲሆን በፓሪቲ (ሙሉና ጎዶሎ በሚል) ለሁለት ሲከፈል እያንዳንዱ ግማሽ 67 ሜጋባይት ብቻ ይይዛል። 32 ሲሆን ግማሹ ብቻ 17 ጊጋባይት ይጠይቃል፤ የብዙ ሰው ላፕቶፕ እዚያ ላይ እጁን ይሰጣል።

በ2022 መጨረሻ ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው ሥራ በጉግል የኳንተም ቺፕ ላይ 9 ኪዩቢቶችና (የኳንተም ኮምፒውተር የመረጃ መያዣዎች) 164 ባለ ሁለት ኪዩቢት በሮች (የስሌት ርምጃዎች) ተጠቅሞ፣ በሁለት የተጠላለፉ ሥርዓቶች መካከል ምልክት በዎርምሆል እንዳለፈ ዓይነት ጠባይ አሳየ ተባለ። ሙሉው ሞዴል በቺፑ ላይ ስለማይገባ በማሽን ለርኒንግ ተቀንሶ 5 ትስስሮች ብቻ ቀርተውለት ነበር። በ2023 መጀመሪያ ኮብሪን፣ ሹስተርና ያኦ ነገሩን መርምረው አምስቱ ትስስሮች ሁሉም እርስ በርስ የሚለዋወጡ መሆናቸውን፣ ቅደም ተከተላቸው ምንም ለውጥ እንደማያመጣ አሳዩ። እንዲህ ያለ ሥርዓት ወደ ሙቀት አይረጋጋም፣ ትርምስም የለውም፤ ብላክ ሆልን ብላክ ሆል የሚያሰኘው ደግሞ ይኸው ነው። የሥራው ባለቤቶች መልስ ሰጥተዋል፤ ክርክሩ የባለሙያዎች ክርክር ነው። ለአንባቢ የሚበቃው ግን ሌላ ነው፦ 9 ኪዩቢት ማለት 512 ቁጥሮች ማለት ነው፤ ማንኛውም ላፕቶፕ በቅጽበት ያሰላዋል። የትኛውም ጠፈር አልተቀደደም።

መንታነቱ በተቃራኒው አቅጣጫም፣ ከኳንተም ወደ ስበት፣ ፍሬ ሰጥቷል። በ2006 ሪዩና ታካያናጊ በዳሩ ላይ ያለ የኳንተም ጥልፍልፍ በውስጠኛው ስፍራ እንደ ዝቅተኛ ስፋት እንደሚለካ ጻፉ፤ በ2019 በዚያ መንገድ የሚተን ብላክ ሆል መረጃ በጨረሩ ውስጥ መልሶ እንዴት እንደሚወጣ የሚያሳይ ስሌት ተገኘ። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ዝግጅት ክፍሉን የምንጠይቀው ቀላል ነገር ነው። የዚህ ዓይነት ዜና ሲመጣ ሦስት ነገር አብሮ ይውጣ፦ የተሰላው የየትኛው ቁስ ነው (የእውነተኛው ወይስ የአጎት ልጁ)፣ ስንት ቀለም ወይም ስንት ኪዩቢት ነበር፣ በቤተ ሙከራ የተለካ ቁጥር አለ ወይስ የለም። የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች አርካይቭ በሚባለው የሳይንስ ጽሑፎች ድረ ገጽ ላይ በነፃ ስለሚገኙ ተርጓሚው ከዜና አውታሩ ይልቅ ወደዚያ ቢሄድ ሦስቱንም ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ገጾች ያገኛቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቲዎሬቲካል ፊዚክስ መምህራን